ከትክል ድንጋዩ ሥር ያለው አፈር

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ተጓዥ የቡና መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ እንሰቱንና ቡናውን እያቋረጠ ወደ ሸንተረሮቹ የሚወጣ ሰው ግን ከትክል ድንጋዮች ጋር ይገናኛል። ተመራማሪዎች ይህ መንገድ በሚያቋርጠው በጌዴኦ ከ60 በሚበልጡ ሥፍራዎች ከ10,000 በላይ እንደሚገኙ ይናገራሉ፤ 6 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ አሉባቸው። ስሙ በየመማሪያ መጽሐፉ በሚነሣው የትክል ድንጋይ ሥፍራ በጢያ ያሉት ግን 36 ናቸው።

ከጌዴኦ ሥፍራዎች አንዱ በሆነው በቱቱ ፈላ ድንጋዮቹ የቆሙት በመቃብር ላይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥፍራውን የቆፈረው ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም አንድ አስገራሚ ነገር አስተውሏል፤ መጀመሪያ በወንድ ብልት ቅርጽ ከተጠረቡት አንዳንዶቹ ኋላ ላይ እንደገና ተጠርበው የሰው መልክ ወጥቶላቸዋል። የቀደሙት ያቆሙትን ተከታዮቹ ለራሳቸው እምነት አዋሉት ማለት ነው።

የእነዚህ ድንጋዮች ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ከ900 ዓመት ገደማ እንደማያልፍ ይታመን ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን አሸናፊ ዜናና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ሳካሮ ሶዶ ከተባለው ሥፍራ ያገኙት የካርቦን ልኬት ዘመኑን ወደ 50–100 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወሰደው። በአንድ ጥናት አንድ ሺህ ዓመት ተጨመረ!

በዚያ ዘመን ሮማውያን ብሪታንያን ከያዙ ብዙም አልቆዩም፤ በሰሜን ድንበራቸው የታወቀውን የሐድርያን ግንብ ለመጀመር ገና ዓመታት ይቀሯቸው ነበር። ከግንቡ አጠገብ ያለው የቪንዶላንዳ ምሽግ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ሆኖም ወታደሮቹ በስስ እንጨት ላይ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ከመሬት ወጥተው ተነበዋል፤ ምሽጉ ቢፈርስም ሰዎቹ ዛሬም ይናገራሉ። በሳካሮ ሶዶ የተጻፈ ቃል የለም። የሚመሰክረው ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር፣ በውስጡ የቀረው ከሰልና የባልጩት ስባሪ ብቻ ነው። ይህ ምስክርነት ደግሞ ቀላል አይደለም። በጌዴኦ ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ሰሜን ኬንያ የመጡ መሆናቸው ተደርሶበታል። የደቡቡ ደጋ ሰው ከሩቅ አገር ጋር ይገናኝ እንደነበር የነገረን ይህ ስባሪ ነው።

ስለዚህ የወደቀ ድንጋይ ከቦታው ሲነሣ የሚያሳስበኝ ከድንጋዩ ይልቅ አፈሩ ነው። መሬት በጠበበበት፣ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በጌዴኦ ማሳውን የሚያጸዳውን ገበሬ መውቀስ አይቻልም፤ እነዚህን ሥፍራዎች አክብረው እዚህ ያደረሱልን የአገሬው ሽማግሌዎች ናቸው። የበለጠ የምፈራው በቅን ልቦና የሚደረገውን ጥገና ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ለጎብኚ የማሳመር ፍላጎት መምጣቱ አይቀርም። የወደቀውን ለማቆም ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሚንቶ ከፈሰሰ ድንጋዩ ይቆማል፤ ዘመኑን የሚነግረን ከሰል ግን ይጠፋል።

ከስልሳ ከሚበልጡት ሥፍራዎች በወጉ የተጠኑት ጥቂት ናቸው። ሥራውን ሊያግዝ የሚችለው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ማንኛውም ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ሥሩ በባለሙያ ይመርመር፣ የተገኘውም በየንብርብሩ ይመዝገብ።