የእንሰት ልብ

እ.ኤ.አ. በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ለንደን አጠገብ ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ሥፍራ ጥቂት ዘሮች ላከ። ከዘሩ ጋር የደረሰው ነገር ቢኖር የአገሬው ስም ብቻ ነበር፤ «አንሰት»። ሊቃውንቱ እንዲህ ያለ ዘር አይተው አያውቁምና ምንነቱን መለየት ተሳናቸው። በቅሎ፣ ቅጠሉ ተንሰራፍቶ ሲያዩት ነው የሙዝ ዘመድ መሆኑ የገባቸው።

ሆኖም ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንሰትን በሥዕል ጭምር አሳይቷቸው ነበር። ሙዝ አይደለም ብሎ ተከራክሯል፤ ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላ ከምግብ ሁሉ የላቀ መሆኑንም መስክሯል። (ቆጮን በክትፎ ቀምሶ ቢሆንስ ኖሮ?) አውሮፓውያን ግን ምግቡን ትተው መልኩን ወደዱ። ዛሬም በዚያ አገር እንሰት የጌጥ ተክል ነው፤ በተለይ ቅጠሉ የወይን ጠጅ መልክ ያለውን ዓይነት ክረምት ሲመጣ ነቅለው፣ እንደ እንግዳ ቤት አስገብተው ያሳድሩታል።

በእኛ በጉመር፣ በአረቅጥ፣ ጀፎረው ከደጅ፣ እንሰቱ ከጓሮ ነው። በዘር የሚያባዛው የለም። ከዘር የበቀለ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ አስታራው አስታራ፣ ጓርየው ጓርየ ሆኖ ከልጅ ልጅ የሚደርሰው በአሚቾው በኩል ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቅ ነበር። ታዲያ በወልቂጤ በተከራየሁት ግቢ ለጌጥም ለትዝታም ብዬ አንድ አሚቾ ቀበርኩ። ዝናብ ዘነበ፤ ወራት አለፉ፤ የወጣው አንድ ቡቃያ ብቻ ሆነ። ለአባቴ ደወልኩ።

«ልቡን አውጥተሃል?» አለኝ።

«የምን ልብ?»

ዝም አለ። ዝምታው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ። ከኪው ሊቃውንት በምን ተሻልኩ? እኔም በእጄ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

በበጋው ራሱ መጣ። ወጣት እንሰት ከሥሩ ቆርጦ፣ የአሚቾውን መካከል በቢላዋ ፈልፍሎ አወጣ። «ይሄ ካለ ራሱን ብቻ ነው የሚያሳድገው፤ ልጄ። ይሄ ሲወጣ ነው ዙሪያውን የተኙት የሚነቁት» አለና ጎድጓዳውን በአፈርና በድንጋይ ሞላው፤ ፍግ ጨምሮም ቀበረው። ከአንዱ 40 እና ከዚያም በላይ ችግኝ ይገኛል። ወለድ የሚለው ቃላችን ከመውለድ መምጣቱን፣ ስንት ዓመት ባንክ ተቀምጬ፣ ያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት።

ችግኙ ተለያይቶ ይተከላል፤ እየተነቀለም ደጋግሞ ቦታ ይለውጣል፤ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። አባቴ ዕድሜው ገፍቷል። ያን አላነሳንም፤ የሚቀጥለውን ንቅለ ተከላ መቼ እንደምናደርግ ብቻ ተነጋገርን።

በሰኔ አፈሩ ተሰነጠቀ። 37 ቆጠርኩ፤ ሒሳቡ እንዳይሳሳት ደግሜ ቆጠርኩና ደወልኩለት።

«ቆይ፣ ገና ይወጣል» አለኝ።