ከአንድ ቃል በስተጀርባ ያለ ሕይወት

በብሪታንያ የዘር ሐረጋቸውን የሚያጠኑ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ከቅድመ አያታቸው ስም አጠገብ «ባንክስማን» የሚል ሥራ ያገኛሉ። የባንክ ሠራተኛ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ የሰውንና የከሰልን መውጫና መግቢያ የሚቆጣጠር ነበር። «ሂወር» ከሰሉን በዶማ የሚቆፍር፣ «ፑተር» በከሰል የተሞላውን ጋሪ የሚገፋ ነው። «ትራፐር» ግን ብዙውን ጊዜ ልጅ ነበር፤ አንዳንዱ ገና የ5 ወይም የ6 ዓመት ሕፃን። ጋሪ ሲመጣ የአየር መቆጣጠሪያውን በር እየከፈተና እየዘጋ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ብቻውን ይቀመጣል።

በ1842 እ.ኤ.አ. የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ይህን ገለጠ። የወንጌል አማኝ የነበሩት ሎርድ አሽሊም በፓርላማ ተሟገቱ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ስለዚህ መዝገብ ስናነብ ከሥራው ስም ጋር ዕድሜውንና ዓመቱን አብረን እንይ።

ሰው በአንድ ቃል የመዘገበውን ሕይወት እግዚአብሔር ሙሉውን ያውቀዋል። እኛስ በቤታችን «ሠራተኛዋ» ብቻ ብለን የምንጠራትን ልጅ ስሟንና ታሪኳን እናውቃለን?