ድምፁ ከወዴት ይወጣል?

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሆነው ዜማቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ፊታቸው የተደቀነው ማይክራፎን ሳይሆን ትልቅ ቀንድ ነበር። ድምፅ በቀንዱ ገብቶ በገዛ ጉልበቱ መርፌ እየገፋ ሰም ይጭራል። በዚያ ዘመን ከበሮ በኃይል ከተመታ መርፌው ይዘላል፤ እንደ በገና ለስላሳ የሆነው ደግሞ ሰሙን በቅጡ ሳይጭር ይቀራል። የሸክላ ቀረጻ በማይክራፎን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። የማይክ ምርጫም ከዚያ ወዲህ መጣ።

እንግዲህ ለየትኛው መሣሪያ የትኛው ማይክ እንደሚሆን እንድናይ ተከተሉኝ፤ በአስኮ በኩል ቡራዩ እንግባ። አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ግድግዳዋ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ከበሮ ሊቀረጽ ነው። ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። ለዚህ ዳይናሚክ ማይክ ይሁን፤ ምት ችሎ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሹር ኤስ ኤም 57 እስከ ዛሬ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በየፊቱ አንድ አንድ አቁሙ፤ መሐሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጠርዙ፣ ከቆዳው አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ። በጣም ካስጠጋችሁት ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል። ሁለቱ ማይኮች ትይዩ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ወፍራም ድምፅ ሊበላው ይችላል፤ በአንደኛው ላይ ፌዙን (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡና አዳምጡ፣ ሞልቶ የተሰማው ይያዝ።

ከዚያ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አልፈን ሰበታ። እዚህ ማሲንቆ ነው። ከጭራው የሚወጣውን ረቂቅ ድምፅ አሟልቶ የሚይዘው ኮንደንሰር ነው፤ 48 ቮልት ከሚክሰሩ ይፈልጋል። ከደጋኑ ሥር ከተደቀነ ግን ፍትጊያው ዜማውን ይውጠዋል፤ ወደ ቆዳው አዙራችሁ ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። ችግሩ ኮንደንሰር የጅማ መንገድ የጭነት መኪናንም አሟልቶ መስማቱ ነው። ስለዚህ ወይ መንገዱ ጭር ሲል በሌሊት ቅረጹ፣ ወይ ዳይናሚክ አስጠግታችሁ ቅረጹ። ዋሽንት ከሆነ ትንፋሹ ፊት ለፊት እንዳይመታው ማይኩ ከጣቶቹ በላይ በአግድም ይቁም።

በመጨረሻ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ። እዚህ በገና ነው። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ የተወለዱት እንጦጦ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን በገናቸውን ለዩኔስኮ ቀርጻለች። አሥሩ አውታር እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ላይ ሲነዝር፣ ደርዳሪው ደግሞ በለሆሳስ ሲያዜም፣ ሁለቱን አስማምቶ የሚይዝ አንድ ትልቅ ኮንደንሰር ይበቃል። በአፉና በገበቴው መካከል ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ አንዱ ሌላውን ሳይጫን የተሰማበት ቦታ ልኩ እሱ ነው። ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ ከመታ ግን የትኛውም ማይክ አያድንም፤ እስኪያባራ ጠብቁ።

እንግዲህ ማይክ ልትገዙ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ በተጫዋቹ ዙሪያ ዙሩ። ድምፁ አምሮ የተሰማችሁ ቦታ የማይኩ ቦታ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ ከዚያ ኪሳችሁን ጠይቁ። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ወጣት በአንድ ኮንደንሰርና በሁለት ዳይናሚክ የአባቶቹን ዜማ በክብር ለልጅ ልጅ ያደርሳል።