ጌጥ ሲላላ፦ ከበገና እንዚራ እስከ ፔዳል ስቲል ጊታር

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን መንገድ ይዞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዳንግላን ያገኛታል። በዚህ የአዊ ምድር ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆነው ጥሬ ነገር ከደጅ ነው። የበሬ ቆዳ አለ፤ ዋንዛ አለ፤ ፈረስማ የአገሩ መታወቂያ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ይህን አይስተውም። የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም እንዲሁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ አገሬው ለጎንደር ከብት፣ ቅቤና ማር እንደሚያቀርብ ጽፏል። ከብት ባለበት ቆዳ አይጠፋም፤ ቆዳ ካለ ደግሞ ከበሮውም ክራሩም ይሠራል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚላላው ጌጡ ይመስላል። ዶቃው ይረግፋል፤ የተለጠፈው መስቀል ይነቀላል፤ የዳር ጥልፉ ይተረተራል። ባለቤቱም አንድ ጠብታ ማጣበቂያ ፈልጎ ወደነበረበት ሊመልሰው ይቻኮላል። የመሣሪያዎችን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዛሬ ጌጥ የምንለው አብዛኛው ነገር አንድ ዘመን ሥራ የነበረው አካል ነው፤ አንዳንዱም ዛሬ ድረስ ሥራ ላይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ራሱ ብሩስ ነው። ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ የላከው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1776 በበርኒ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። በዚያ ጽሑፉ የክራርና የበገና ወገን የሆነው መሣሪያ ሁለት ቋሚዎች ቀድሞ ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ እንደነበር ይነግረናል። ጠመንጃ ገብቶ አጋዘኑ ሲመናመን ቋሚው በእንጨት ተተካ። ሠሪዎቹ ግን እንጨቱን ለስላሳ አድርገው አልተዉትም፤ እንደ ቀንዱ እየጠመዘዙ ፈለፈሉት። ብሩስ ባየው ዘመን ያ ጥምዝ ጌጥ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አጋዘኑ ራሱ ያበቀለው የመሣሪያው አጥንት ነበር። አካል ወደ ጌጥ የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ ጥሬ ነገሩ ሲጠፋ ቅርጹ በእጅ ልማድ ይቀራል።

በበገና ላይ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት የሚመስሉ አሉ። አጨዋወቱን ቀርቦ ያየ ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። በተለመደው አደራደር ከዐሥሩ ስድስቱ ናቸው የሚመቱት፤ አራቱ ድምፅ አይሰጡም። ለማያውቅ ሰው እነዚያ አራቱ ለማሳመር የተጨመሩ ይመስሉታል። ለበገና ደርዳሪው ግን ጣቱ ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ማረፊያዎች ናቸው። አንዱ ቢበጠስና ባለቤቱ «ይሄማ አይጮህም» ብሎ ቢተወው የእጁ አካሄድ ይዛባል።

ከዚያም እንዚራ አለ። አውታሩ በበርኩማው ላይ ሲያልፍ በመካከላቸው የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። በገናን ከሌላው ሁሉ የሚለየው ያ የሚነዝር፣ እንደ ንብ የሚጮኽ ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። ቦታዋን ለማግኘት ደርዳሪው በጥቂቱ ወደ ፊት፣ በጥቂቱ ወደ ኋላ እያለ በጆሮው ይፈልጋታል። የውጭ አገር መሣሪያ ጠጋኝ የለመደው ንዝረት ሲሰማ ያላላውን ፈልጎ ማጥበቅ ነው። በገና ላይ ይህን ቢያደርግ ድምፁን ይገድለዋል። ጸናጽልም እንደዚሁ ነው። በዘንጎቹ ላይ የተሰኩት ቅጠሎች ልቅ ሆነው የሚንሸራተቱት ሠሪው ሰንፎ አይደለም፤ ሽብሸባውን የሚያጅበው ድምፅ የእነርሱ ግጭት ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት የትኛው ልልነት ብልሽት፣ የትኛው ደግሞ ድምፅ እንደሆነ ነው። ይህ የበገና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ዐሥር አውታር ያለው፣ ከበገና በውቅያኖስ የራቀ መሣሪያም ይህንኑ ያስተምረናል።

ይህ መሣሪያ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው፤ መነሻውም ሃዋይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በአውታሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ መጫወትን አስለመደ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሪከንባከር ኩባንያ ይህንኑ በኤሌክትሪክ አወጣው። ቀጥሎም እግር ተበጀለት፤ መርገጫና የጉልበት ማንሻ ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ1954 በድ አይዛክስ በዌብ ፒርስ ዘፈን ውስጥ መርገጫውን እየረገጠ አውታሩን ሲያጎብጠው የተሰማው ድምፅ የአሜሪካን ካንትሪ ሙዚቃ መልክ ለወጠው። ሾት ጃክሰንና በዲ ኤመንስ ሾ-በድ የተባለውን መሣሪያ መሥራት የጀመሩት በዚያው ዐሥርት ዓመት ነው።

መሣሪያው ከመድረካችን ባይቀመጥም ድምፁ ባዳችን አይደለም። በአስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ለዓመታት የአሜሪካ ዘፈን አስተላልፏል፤ የካንትሪ ዘፋኙን የዶን ዊሊያምስን ካሴት ያዳመጠም ያንን የሚያለቅስ፣ የሚለጠጥ ድምፅ ስሙን ሳያውቅ ሰምቶታል።

የድሮዎቹ ሾ-በዶች በጌጣቸው ይታወቃሉ። በጣት መስመሩ ሰሌዳ ላይ ካርታ ተጫዋች የሚያውቃቸው የልብ፣ የዳይመንድ፣ የስፔድና የክለብ ምልክቶች ተደርድረዋል። በሙጫ የተለጠፉ ስለሆኑ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሲያልፍ ሙጫው ይደርቃል፤ የዳሩ ጥብጣብ ይነሳል፤ የስም ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ይነቀላል።

በዚህ መሣሪያ አውታሩ ሰሌዳውን ነክቶት አያውቅም። ጣትም አይጫነውም፤ የሚነካው ተጫዋቹ በእጁ የያዘው የብረት ዘንግ ብቻ ነው። ታዲያ ሰሌዳው ጌጥ ነው? አይደለም፤ ለተጫዋቹ ዓይን እንደ ማስመሪያ የሚያገለግል መለኪያ ነው። ዘንጉ መስመሩ ላይ በትክክል ካልቆመ ድምፁ ይዛባል። የአውታሩ ርዝመት 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 12ኛው መስመር የሚውለው በዚህ ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። ሰሌዳውን አጣብቆ የመለሰ ሰው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢያዛንፈው መሣሪያው ያምራል፤ ተጫዋቹ ግን ዓይኑን ባመነ ቁጥር ይስታል።

ስለዚህ አሠራሩ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መሣሪያውን ማስጮህና የሚንቀጠቀጠውን ክፍል አንድ በአንድ በጣት ጫን እያሉ ምንጩን ማግኘት ነው። ንዝረቱ ከጌጡ ሳይሆን ከሥሩ ካለው የመርገጫ ዘንግ ወይም ከላላ ብሎን ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የደረቀውን ሙጫ ቀስ ብሎ መፋቅ ይከተላል። አሴቶን እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ ሙጫውን ሲያሟሟ የእንጨቱን ቫርኒሽና የሴሉሎይዱን ጌጥ አብሮ ይበላል። ሰሌዳው ከመለጠፉ በፊት በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ይያዛል። በ12ኛው መስመር ላይ አውታሩን በጣት ጫፍ ሳይጫኑ ነክተው ሲመቱ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ ሰሌዳው ቦታውን አግኝቷል። ማጣበቂያው የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ወደሚንቀሳቀሰው ክፍል እንዳይፈስ በስሱ።

የማጣበቂያው ምርጫም የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ መቶ ዓመታት የቫዮሊንና የጊታር ሠሪዎች የተጠቀሙት ከተቀቀለ ቆዳ የሚወጣውን ሙጫ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ የሚቀጥለው ጠጋኝ ሳይሰብር ሊፈታው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ የቀረበውና እኛም ሱፐር ግሉ እያልን በየሱቁ የምንገዛው ማጣበቂያ ግን በሰከንዶች ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ማላቀቅ ጣጣ ነው። ለተሰበረ የፕላስቲክ እጀታ ደኅና ነው። ለአሮጌ መሣሪያ ግን ከኋላ የሚመጣውን ባለሙያ እጅ ያስራል።

የአገራችን ሠሪዎች ሳይሰብሩ የመፍታትን ሐሳብ ሌላ መንገድ ይዘው ደርሰውበታል። ክራር ሲሠራ ቆዳው ርጥብ እንዳለ ገበቴው ላይ ይወጠራል፤ በጠፍር ወይም በጅማት ይጠለፋል፤ ሲደርቅ ራሱን አጥብቆ ይይዛል። በጀርባው የሚታየው የጠፍር ጥልፍ ለዓይን ያማረ ነው፤ ግን ደግሞ መላውን ውጥረት የተሸከመው እርሱ ነው። ቆዳው ሲያረጅ ጠፍሩ ተቆርጦ ይፈታል፤ አዲስ ቆዳ ይገባል፤ እንጨቱም አይጎዳም። በአዊ የክረምት ዝናብ ቆዳ ሲላላ በፀሐይ ወይም በእሳት ማሞቅ በቂ ነው። ይህን የወቅት ልልነት በሙጫ ለማዳን የሞከረ በጋው መጥቶ ቆዳው ሲኮማተር ስንጥቅ ይጠብቀዋል።

ይህ እውቀት በአብዛኛው የቆየው በእጅና በዓይን ነው። በጽሑፍ የመያዙ ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ስለ ክራር የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቷል፤ ዓለሙ አጋም በዚያው ትምህርት ቤት በገናን አስተምረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ያሳያል። እነዚህ ሥራዎች አጨዋወቱንና ቅርጹን አድነዋል። የጥገናው ዘዴ ግን አሁንም በየሰፈሩ ሠሪ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ለዚህ መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ዳንግላም ሆነ አዲስ አበባ አሮጌ መሣሪያ የተሰጠው ሰው ጌጡን ከመንካቱ በፊት ፎቶ ያንሳው፤ ርቀቱን ይለካ፤ ምን ሙጫ እንደተጠቀመ ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ይተው። የላላውንም ነገር «ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ካገኘ በኋላ ሊያጣብቀው ይችላል፤ ወይም እንደ እንዚራዋ ልል አድርጎ ይተወዋል። መልስ ካላገኘ ግን አለማጣበቁ ይሻላል፤ የተነቀለ ጌጥ በፖስታ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቀውን ሰው መጠበቅ ይችላል፤ በማይሆን ቦታ የደረቀ ሙጫ ግን ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ ዕዳ ነው።