ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት፦ የኩዌት ሕዝብ በአካባቢው ጦርነቶች ፊት

በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው ኩዌት ስፋቷ 18 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ አገር ናት። በሰሜንና በምዕራብ ኢራቅ፣ በደቡብ ሳዑዲ ዓረቢያ ያዋስኗታል፤ ከባሕሩ ማዶ ኢራን ትገኛለች። ወንዝ የላትም፤ ሕዝቧ የሚጠጣው ውኃ ከባሕር ተቀድቶ ጨዉ የተለየለት ነው። ነዳጅ ዘይት ባለጸጋ ቢያደርጋትም በሦስት ታላላቅ ጎረቤቶች መካከል መኖሯን አልለወጠውም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ፣ በአካባቢው የሚነሣ ጠብ ከኩዌት ደጃፍ ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዜጎቿ አብላጫዎቹ የሱኒ፣ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚገመቱት ደግሞ የሺዓ እስልምና ተከታዮች ናቸው። ጥቂት የክርስቲያን ቤተሰቦችም በዜግነት ይኖሩባታል። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ግን እንጀራ ፍለጋ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ ከእነዚህ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። እንዲህ ባለ አገር፣ በድንበር ማዶ ጦርነት በተነሣ ቁጥር፣ በውስጥ ያለው ሰው «አንተስ ከማን ወገን ነህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። የኩዌት ሕዝብና የአምልኮ ቤቶቿ ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመን የሰጡት ምላሽ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን በገዛ ሥራው መዘነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሩቅ አለቆች ሥራ ፈረደበት። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከታሪኩ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጭቃው ቅጥር

በ1920 ከመካከለኛው ዓረቢያ፣ ከነጅድ ምድር፣ ኢኽዋን የተባሉ የኢብን ሳዑድ ተዋጊዎች በኩዌት ላይ ተነሡ። የጠቡ ሥር ድንበርና የጎሳዎች ታዛዥነት ቢሆንም፣ ኢኽዋን የሚዋጉት እምነትን ለማጥራት እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ እንደ እነርሱ ያልኖረውን ሙስሊም እንደ እውነተኛ ሙስሊም አይቆጥሩትም። የከተማይቱም ሰዎች በዚያው ዓመት ከባሕር እስከ ባሕር የሚከብባቸውን የጭቃ ቅጥር በጥቂት ወራት ሠርተው ፈጸሙ። ነጋዴውና መርከበኛው፣ ዕንቁ ጠላቂውና አናጢው በአንድነት ጭቃ ተሸከሙ።

በኦክቶበር ወር ኢኽዋን ከከተማይቱ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጀህራ መንደር ገጠሙ። የኩዌቱ ገዥ ሼኽ ሳሊም አል-ሙባረክ ከተዋጊዎቻቸው ጋር በቀዩ ምሽግ ውስጥ ተከበቡ፤ ከከተማይቱ ረዳት በመጣላቸው ጊዜ ግን ከባቢዎቹ ስፍራውን ለቀቁ። ከዚህ ውጊያ የተረፉት ቁስለኞች የታከሙት በባሕሩ ዳር በተሠራው በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር፤ ሐኪሙም ስታንሊ ማይልሪ ይባሉ ነበር። ጥቃቱ በሃይማኖት ስም የመጣ ሲሆን፣ የሙስሊሞቹን ቁስል ያጠቡትና ያሰሩት የክርስቲያን ሐኪሞች ነበሩ። ቅጥሩ በ1957 ከተማዋ ስትሰፋ ፈረሰ፤ በሮቹ ብቻ ለመታሰቢያ ቀሩ። በ1962 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የእምነት ነጻነትን ሲያውጅና፣ የሕዝብን ሥርዓትና ግብረ ገብ እስካልተቃረነ ድረስ የአምልኮ ሥርዓት በአገሩ ልማድ መሠረት እንዲጠበቅ ሲያዝ፣ ከእንዲህ ያለው የቆየ ልምድ ላይ የቆመ ነበር።

የጥርጣሬ ዘመን

በ1979 የኢራን አብዮት ተነሣ፤ በሴፕቴምበር 1980 የኢራቅ ጦር ወደ ኢራን ገባ፤ ጦርነቱም ስምንት ዓመት ያህል ዘለቀ። የኩዌት መንግሥት ለኢራቅ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አበደረ፤ ወደቦቹንም ለኢራቅ ጭነት ከፈተ። የዚህ ዋጋ ወዲያው ተጠየቀ። በዲሴምበር 12 ቀን 1983 የአሜሪካና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ሌሎች ተቋማት በአንድ ቀን በፈንጂ ተመቱ። በሜይ 1985 የአሚሩ የሼኽ ጃቢር አል-አሕመድ አጀብ በመንገድ ላይ ተጠቃ፤ አሚሩ ሲተርፉ ከጠባቂዎቻቸው የሞቱ ነበሩ።

በ1983ቱ ጥቃት ከተከሰሱት የሚበዙት የኢራቅና የሊባኖስ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው በኩዌት ሺዓዎች ሁሉ ላይ ወደቀ። በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በነዳጅ ተቋማት ውስጥ የነበሩ ብዙዎች ከቁልፍ ስፍራዎች ተነሡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ አገር ነዋሪዎችም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ኩዌት የተወለደ፣ አባቱም አያቱም በዚያው ባሕር ዕንቁ ሲያጠልቁ የኖሩ ሰው፣ ቴህራን ውስጥ በተነገረ ንግግር ምክንያት በገዛ ሰፈሩ በጎሪጥ ይታይ ጀመር። ጎረቤት በሩቅ አለቃ ሥራ ሲመዘን የታየበት የመጀመሪያው የዘመናዊቷ ኩዌት ትምህርት ይህ ነበር። ፍርዱ ምን ያህል የተሳሳተ እንደነበረ ለማየትም ብዙ ዓመት አልወሰደም።

ሰባቱ ወራት

ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦገስት 2 ቀን 1990፣ ገና ሳይነጋ የኢራቅ ሠራዊት ድንበር ጥሶ ገባ። በስምንቱ ዓመት ጦርነት ገንዘብ የተበደረው መንግሥት አበዳሪውን ወረረ። አሚሩና መንግሥታቸው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻገሩ፤ በወሩ መጨረሻም ኩዌት የኢራቅ 19ኛ አውራጃ ተብላ ታወጀች።

በአገር ውስጥ የቀረው ሕዝብ ምላሽ ከሦስት ቦታ ወጣ፤ ከጣሪያ፣ ከመስጊድና ከሰፈር የሕብረት ሱቅ። በሌሊት ሰዎች ወደ ቤታቸው ሰገነት ወጥተው «አላሁ አክበር» እያሉ ይጣሩ ነበር፤ ድምፁ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተቀባበለ ሰፈሩን ሲያዳርስ ወታደሮች ወደ ጨለማው ይተኩሱ ነበር። መስጊዶች ከጸሎት ሌላ የወሬ መለዋወጫና የርዳታ ማስተባበሪያ ሆኑ። «ጀምዒያ» የተባሉት የሕብረት ሥራ ሱቆች ምግብ ለየቤቱ አከፋፈሉ። ወራሪው በቀላሉ ሰው ለይቶ እንዳያገኝ የመንገድ ስሞችና የቤት ቁጥሮች በሕዝቡ እጅ ተነቀሉ። ቀድሞ ቆሻሻ ጠራጊውም ዳቦ ጋጋሪውም የውጭ አገር ሰው በነበረበት ከተማ፣ ባለጸጋ ነጋዴዎችና መሐንዲሶች ቆሻሻ አነሡ፤ ዳቦ ጋገሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴቶች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ ከእነርሱም በጥይት የወደቁ ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትናንት የተጠረጠሩት ሺዓዎች ከሱኒዎቹ እኩል ተሰለፉ፤ እኩልም ሞቱ። ወራሪው የአንደኛውን ወገን ቂም ተጠቅሞ አገሪቱን ሊከፍል ቢፈልግ ኖሮ የሚይዘው እጀታ አላገኘም። የተቃውሞው የመጨረሻ ምዕራፍም ይህን ይመሰክራል። ነጻነት ሊታወጅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1991፣ በቁረይን ሰፈር በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተከበቡ 19 የተቃውሞ አባላት ታንክ ይዞ ከመጣ ኃይል ጋር ለሰዓታት ተዋጉ፤ 12ቱ ተገደሉ። በመካከላቸው ሱኒም ሺዓም ነበረ። ያ በጥይት የተበሳሳ ቤት ዛሬ የሰማዕታት ሙዚየም ሆኖ እንደ ፈረሰ ተጠብቋል።

በዚያ ወቅት ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ነበረች። ወረራውን ያወገዘውን 660ኛውን ውሳኔ ደገፈች፤ በኖቬምበር 29 ቀን 1990 ኢራቅ ካልወጣች «አስፈላጊውን መንገድ ሁሉ» ለመጠቀም የፈቀደው 678ኛው ውሳኔ ሲጸድቅም ከደገፉት 12 አገሮች አንዷ ነበረች። የመንና ኩባ ተቃወሙ፤ ቻይና ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበች። በመንግሥቷ አቋም ምክንያትም በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመናውያን የመኖሪያ መብታቸውን አጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሩቅ አዳራሽ የተያዘ አቋም የሠርቶ አደሩን እንጀራ ሊቆርጥ እንደሚችል በግልጽ ታየ።

የድል ማግሥት

ኩዌት በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1991 ነጻ ወጣች። የሚሸሸው ጦር ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጥሎ ስለነበር ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ፤ የመጨረሻው እሳት የጠፋው በኖቬምበር ነው። ከሰማዩ ጭስ በታች ግን ሌላ ጭለማም ነበረ።

ከወረራው በፊት በኩዌት 400 ሺህ የሚደርሱ ፍልስጤማውያን ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ከ1948 ወዲህ የመጡ መምህራን፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶቿንና መሥሪያ ቤቶቿን በማቋቋም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት መሪዎች ወደ ሳዳም ሑሴን ባዘነበሉ ጊዜ፣ ጥፋቱ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ላይ ተቆጠረ። ከወራሪው ጋር የተባበሩ እንደነበሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቁስለኛ ያከሙ፣ ኩዌታዊ ጎረቤታቸውን የሸሸጉም ነበሩ። በነጻነት ማግሥት ብዙዎች ታሰሩ፣ ተደበደቡ፣ ተገደሉም፤ የሚበዙት ደግሞ ሥራና መኖሪያ ተነፍገው ወደ ዮርዳኖስና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ400 ሺህ የቀሩት ጥቂት አሥር ሺዎች ነበሩ።

ወረራው በዜጋና በዜጋ መካከል ያለውን ግድግዳ አፈረሰ፤ በዜጋና በእንግዳ መካከል ግን ሌላ ግድግዳ አቆመ። በሰገነት ላይ አንድ ድምፅ የሆነ ሕዝብ፣ ለሺዓ ወንድሙ የመለሰለትን ፍትሕ ለፍልስጤማዊ ጎረቤቱ ነፈገ። ማሕሙድ ዓባስ ወደ ኩዌት ሄደው በመሪዎቹ አቋም ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2004 ነው። ይቅርታው በመንግሥታት መካከል ሰላም አወረደ፤ የተዘጋውን የመምህሩን ቤት ግን መልሶ አልከፈተም።

የዓርብ ጸሎት

ከ2011 ጀምሮ የሶርያ ጦርነት የሱኒና የሺዓ ስም ለብሶ ሲስፋፋ፣ ኩዌት እንደገና ተፈተነች። መንግሥቷ ለሶርያ ሕዝብ ርዳታ የሚሰበስቡ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን በ2013፣ በ2014ና በ2015 አስተናገደ፤ በዚያው ጊዜ ግን አንዳንድ ግለሰቦች ለተዋጊዎች ገንዘብ ይልኩ ነበር፤ በአደባባይም ወገን የሚለይ ስድብ በረከተ። በ2012 ጥላቻን የሚቀጣ የብሔራዊ አንድነት ድንጋጌ መውጣቱ ሕመሙ ምን ያህል እንደ ጠና ያሳያል።

ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ጁን 26 ቀን 2015፣ በረመዳን ዓርብ፣ በኩዌት ከተማ በኢማም አል-ሳዲቅ የሺዓ መስጊድ ሰዎች ለጸሎት እንደ ተሰበሰቡ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ፈንጂ አፈነዳ። 27 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ፤ ከሟቾቹ መካከል የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ። ኃላፊነቱን «እስላማዊ መንግሥት» የተባለው ቡድን ወሰደ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሺዓው በሱኒው ላይ፣ ሱኒው በሺዓው ላይ እንዲነሣ።

የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕድሜያቸው 80ን ያለፈው አሚር ሼኽ ሳባሕ አል-አሕመድ አቧራው ሳይረጋ ከስፍራው ደረሱ፤ የሞቱትንም ልጆቼ ናቸው ብለው ተናገሩ። ሰዎች ደም ለመለገስ ተሰለፉ። የኀዘን መቀበያው በዋናው በታላቁ መስጊድ እንዲሆን ተደረገ፤ ሱኒው ለሺዓው ለማልቀስ መጣ። በሚቀጥለውም ዓርብ ሁለቱ ወገኖች በዚያው መስጊድ በአንድነት ሰገዱ። በ1980ዎቹ ጥርጣሬ የተቀበለ ሕዝብ በ2015 ማጽናኛ ተቀበለ፤ በመካከሉ የነበሩት ሰባት ወራት ከንቱ አልቀሩም።

ያም ሆኖ ፍርሃት ድርሻውን መጠየቁ አልቀረም። ከጥቃቱ በኋላ ዜጋና የውጭ አገር ሰው ሳይለይ እያንዳንዱ ነዋሪ የዘረ መል ናሙና እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2017 ሻረው።

ለስደተኛው ደብር

ይህ የሌላ አገርና የሌላ ሃይማኖት ሕዝብ ታሪክ ነው። ነገር ግን በሰው አገር የሚኖር ምእመን ራሱን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ያገኝበታል። የፍልስጤማዊው መምህርና የየመናዊው ሠራተኛ ዕጣ የእንግዳ ሁሉ ዕጣ ነው፤ እንግዳ መሪዎቹ በሚናገሩት ይፈረድበታል። በሌላ በኩል፣ በአገር ቤት ጦርነት ሲነሣ «ከማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ ከቅዳሴ በኋላ ወደሚታደምበት አዳራሽ ይገባል፤ በአንድ ጽዋ ማኅበር የኖሩ ቤተሰቦችም ጎን ለጎን ተቀምጠው ላይነጋገሩ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ጠያቂውም ተጠያቂውም ምእመኑ ራሱ ነው።

የኩዌት ሰዎች ለዚህ ያገኙት መልስ ከታላላቅ ንግግሮች የመጣ አልነበረም። በ1920 ጭቃ የተሸከመ፣ በ1990 ዳቦ የጋገረ፣ በ2015 ለሌላው ኀዘን የተቀመጠ ሰው የሰጠው መልስ ነው። መልሱ የጎደለውም ለእንግዳው በተነፈገበት ስፍራ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶች ቃል፣ ጎረቤቱ እንግዳም ቢሆን፣ ያው ቃል መሆኑ አይቀርም።