የቆየ የናፍጣ ትራክተር አልነሳ ሲል የሚደረግ ፍተሻ

ይህ መረጃ በጎረቤላና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 ያሉ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ትራክተሮችን ለሚጠቀሙ አርሶ አደሮች፣ ማኅበራትና ኦፕሬተሮች የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ በደጋ ለምን ይብሳል?

በናፍጣ ሞተር ነዳጁ የሚቀጣጠለው በብልጭታ ሳይሆን አየሩ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ውርጭ ባደረበት ማለዳ ቀዝቃዛው ብረት ሙቀቱን ይወስዳል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ የባትሪው ኃይልም ይቀንሳል። በመሆኑም በጥርና በየካቲት፣ ማሳው ለበልግ በሚታረስበት ወቅት፣ ደኅና ሞተር እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። የናፍጣ ፓምፑን ከማስፈታት በፊት የሚከተለውን ፍተሻ በቅደም ተከተል ማከናወን ጊዜንና ወጪን ይቆጥባል።

ቅድመ ዝግጅት

የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ማርሹን ነፃ ያድርጉ። በብዙ ትራክተሮች ማርሹ ነፃ ካልሆነ ሞተሪኖው አይዞርም።

1. ሞተሪኖው የማይዞር ወይም በዝግታ የሚዞር ከሆነ

ባትሪውን ይለኩ። ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ይደረግ። የባትሪውን ራሶች ከዝገት ያጽዱ። ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረው ገመድ አስቀድሞ ይፈታል፤ በመጨረሻም ይታሰራል።

2. ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ጭስ ከሌለ

ነዳጅ ወደ ሲሊንደር አልደረሰም ማለት ነው። የሞተር ማጥፊያው ወደ ቦታው መመለሱን፣ በታንኩ ውስጥ ናፍጣ መኖሩን፣ የነዳጅ ቧንቧው መከፈቱን ያረጋግጡ። በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውኃ ካለ ያስወግዱ። ነዳጅ አልቆ ከነበረ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በመስመሩ አየር ይገባል፤ የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አላልተው፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ መግፊያው ይግፉና መልሰው ያጥብቁ።

3. ነጭ ጭስ ከታየ

ነዳጅ ደርሷል፤ ግን አልነደደም። ማሞቂያ ካለው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይጠቀሙ። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋ በመካኒክ ይታይ።

4. ጥቁር ጭስ ከታየ

የአየር እጥረት ሊሆን ስለሚችል የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ በዘይት የሚሠራ ከሆነ የቆሸሸውን ዘይት ይቀይሩ።

የተከለከሉ ተግባራት

• ሞተሪኖውን ያለማቋረጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ማዞር፤ በየሙከራው መካከል ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ።
• ማሞቂያ ባለው ሞተር ኤተር መርጨት፤ ፍንዳታ ያስከትላል።
• ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ።
• ከኖዝል የሚረጨውን ናፍጣ በእጅ መንካት፤ ግፊቱ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ አደጋው ከደረሰ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።

ከፍተሻው በኋላም ካልተነሣ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ያማክሩ። የትራክተሩን ሞዴል፣ የባትሪውን ልኬትና የጭሱን ቀለም መዝግበው ቢቀርቡ ብልሽቱን ለመለየት ይረዳል።