ክሮኪ፦ መነሻ ንድፍ

ክሮኪ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። የፋሽን ባለሙያ ያሰበውን ልብስ፣ ገና መቀስ ሳያነሳ፣ በወረቀት ላይ ፈጠን አድርጎ የሚያወርድበት ሥዕል ማለት ነው። በአማርኛ «መነሻ ንድፍ» ብንለው ይስማማዋል። «ንድፍ» ብቻውን አይበቃም፤ ልብስ ሰፊዎች ፓተርን የሚሉትን፣ በልክ የሚቆረጠውን ወረቀትም ንድፍ እንለዋለንና። ለዚያኛው «ቅድ» ይሻለዋል።

መነሻ ንድፍ ላይ ልክ አይፈለግም። ልብሱን ለብሳ የተሳለችው ሴት ራሷ ሰው አትመስልም፦ የሰው ቁመት 7 ተኩል ጭንቅላት ያህል ሲሆን እሷ 9 ትደርሳለች፤ ጭማሪው በአብዛኛው እግር ነው። ከንድፉ የሚነበበው ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ፣ ወገቡ የት እንደሚያዝ፣ ጠርዙ ከጉልበት ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው። ዳር ላይ የተመረጠው ጨርቅ ቁራጭ በስፒል ይያዛል።

በ1947 እ.ኤ.አ. «ኒው ሉክ» በተባለው ፋሽን ዓለምን ያነጋገረው ክርስቲያን ዲዮር ንድፎቹን ለስፌት ክፍል ኃላፊዎቹ ያድል ነበር። እነሱም መጀመሪያ እንደኛ አቡጀዲ ባለ ርካሽ ጨርቅ ሰፍተው ያሳዩታል። መጥበቡም መስፋቱም እዚያው ላይ ይታረማል፤ ውዱ ሱፍ የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

እንግዲህ መነሻ ንድፍ የሚያስፈልገው አሳቢውና ሰፊው ሁለት ሰው ሲሆኑ ነው። ኮኮ ሻኔል አትነድፍም ነበር፤ ጨርቁን በሞዴሏ ገላ ላይ አድርጋ በመቀስና በስፒል ትሠራው ነበር።

ጎንደርም በዚህ ከሻኔል ወገን ነው። በርኖስን እንይ፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ያለውን ብርድ የሚመክት፣ ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሸመን ጥቁር ካባ ነው። መለያው በቀኝ ትከሻ ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው ጫፍ ነው። ይህን ቅርጽ በወረቀት የሚያሰፍር ሰው አላስፈለገም፤ እጅ ከእጅ እያየ ተማረው።

ዛሬ ግን አንዲት የጎንደር ወጣት ከበርኖስ ቁልፍና ኪስ ያለው ካፖርት አውጥታ አዲስ አበባ ላለ ሰፊ ልስጥ ብትል፣ ቃል ብቻ አያደርሳትም። ፊቱንም ጀርባውንም ትንደፍ። ከፊት ሲሳል የለባሹ ቀኝ ለተመልካቹ ግራ ስለሚሆን፣ ከጫፉ አጠገብ «የለባሹ ቀኝ» ብላ ካልጻፈች ሰፊው ጫፉን በግራ ትከሻ አውጥቶ ይልክላታል።